አሮጌው ምጣድ የሚሰበርበት ቀን

ልጅ እያለሁ ዕቃ ሰብሬ የምመረቀው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነበር። በሌላው ጊዜ አንዲት ወጭት ከእጄ ካመለጠች፣ ወጭቷ መሬት ሳትደርስ የእናቴ ኩርኩም አናቴ ላይ ይደርስ ነበር። ፋሲካችን ሲቃረብ ግን ያቺው እናቴ እንስራውን፣ ማሰሮውን፣ ድስቱን፣ የሊጥ ማቡኪያውን ሁሉ ከጓዳ እያወጣች ደጅ ላይ ትደረድርና፣ "በሉ እንግዲህ፣ ዓመቱን ሙሉ የተከለከላችሁትን ዛሬ ተወጡት!" ትለናለች። እኛም እንወጣዋለን። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ድንጋይ ድንጋዩን ይዞ ይሰለፋል፣ ከየደጁ የገል ድምፅ ይሰማል፣ ኮስታራ ሽማግሌዎች እንኳ ፈገግ ሳይሉ አያልፉም። የእኔ ዘመን ሰዎች ትልቅ ጋን ሲሰበር የሚያወጣውን ድምፅ ታስታውሱታላችሁ፤ ሆዱን የተመታ በሬ ነው የሚመስለው። ከዚያ የበለጠ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን። መንደራችን ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ወረድ ብላ፣ ወንዝ ዳር ነበረች፤ መታጠብ የሃይማኖታችን ግማሽ ስለሆነ ከውኃ ርቀን አንሰፍርም። ወንዶቻችን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቻችን ሸክላ ይሠራሉ። በፋሲካ ሰባት ቀን እርሾ የነካው ነገር ከቤታችን አይገኝም። የምንበላው ቂጣ ነው፤ እሱም ዱቄቱ ውኃ ከነካው በኋላ ለአፍታ ሳያርፍ የሚጋገር። አባቶቻችን ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም፣ እኛም አንጠብቅም። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ቡሖ የኖረበት ሸክላ ለዚህ በዓል አይሆንም። "ብረት ይታጠባል፤ ሸክላ ግን የጠጣውን አይተፋም" ትል ነበር እናቴ። ስለዚህ አሮጌው ይሰበራል፣ አዲሱ ይገባል። የልጅነቴ ፋሲካ ሽታው የሥጋም የቅቤም አይደለም፤ በአዲስ እንስራ የተቀዳ ውኃ ሽታ ነው፣ የመጀመሪያ ዝናብ እንደነካው አፈር ያለ።

እናቴ ድንቅነሽ ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ያውም የታወቀች፤ ገበያ ላይ ምጣዷን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ሳታሰማ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ምላሷም እንደ እጇ ፈጣን ነበር። አባቴ ባዬ ደግሞ መዶሻ እንጂ ቃል የማይበዛበት፣ ክንዱ የኔን ወገብ የሚያክል ባለ እጅ ነበር። ሁለቱ እንዴት እንደተጋቡ አላውቅም፤ እንደሚዋደዱ ግን አውቃለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ይተራረቡ ነበራ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ከሰፈረ በኋላ በመጣው ፋሲካ ነገር ተበላሸ። ከምሽጉ ትእዛዝ ወጣ፤ ከቤት ውጭ እሳት ማንደድ ክልክል ሆነ። አርበኞች በየተራራው ስለነበሩ ጭስ ይጠራሩበታል ተብሎ ነው። ለገበሬው ይህ ብዙም አልከበደውም፣ ምድጃው ከቤቱ ውስጥ ነው። ሸክላ ግን የሚተኮሰው ሜዳ ላይ፣ በእንጨትና በኩበት ክምር ነው። ጭሱ ጉና ላይ ለቆመ ሰው ሳይቀር ይታያል። ቤት ውስጥ እንተኩሰው ቢባል ደግሞ የሣር ክዳኑ አብሮ ይነዳል። ከገበያ እንዳንገዛ በዚያ አገር ሸክላ ሠሪዎቹ እኛው ነን። የኛ እሳት ከጠፋ ወዲህ ገበያው ላይ አንዲት አዲስ ማሰሮ አይታይም ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ ሰዉ ጸሎት ቤቱ ደጅ ተሰበሰበ። የመንደራችን ቄስ፣ ቄስ አየነው፣ ለስላሳ ሰው ነበሩ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ዘመኑ ክፉ ስለሆነ ለዘንድሮ አሮጌው ዕቃ ሳይሰበር ይቀመጥ፣ ቂጣውም ይቅርና በሽምብራ ቆሎ በዓሉን እንለፈው አሉ። አንዱ ሽማግሌ ሊጡን በጋለ ድንጋይ ላይ ጠቅልለን ብርኩታ እንጋግር ብለው ነበር፣ ለፋሲካ የአዳኝ ስንቅ ይቀርባል ወይ ተብሎ ተሳቀባቸው። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። ሁሉም መሬት መሬት ያይ ጀመር። እኔ ከሴቶቹ መካከል ከእናቴ ጎን ቆሜ ነበርና እጇ እጄን ሲያጠብቅ ተሰማኝ።

"አባቴ ቄስ" አለች ድንገት፣ "ጣሊያን የከለከለው ጭስ ነው እንጂ ፋሲካን አይደለም። ሕዝቡ አሮጌውን ይስበር። አዲስ ምጣድ እኔ እሰጣለሁ።"

ሴት በሽማግሌ ጉባኤ እንዲህ አትናገርም፤ ጉርምርምታ ተነሣ። ከሸክላ ሠሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ጥሩዬ፣ እናቴን ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ነበሩና፣ በትራቸውን ተደግፈው ዞሩባት። "በምን እሳት ልጄ? አፍሽ ነው የሚተኩሰው?"

"እሱን ለእኔ ይተዉት፣ እማማ።"

"ሕዝቡ ከሰበረ በኋላ ባይሆንልሽስ? ገል ተመልሶ ምጣድ አይሆን።"

"ያን ጊዜ እኔን ይስበሩኝ" አለች እናቴ። ቄስ አየነው እግዚአብሔር ይርዳሽ ብለው ፈቀዱ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የመንደሩ ፋሲካና የእናቴ ቃል በአንድ ገመድ ታሰሩ፤ ምጣድ ካልወጣ ሰዉ ሰባቱን ቀን ያለ ቂጣ ሊቀር ነው፣ እሷም ከዚያ ወዲያ በዚያ ደጅ ቀና ብላ ልትሄድ አትችልም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። "እኔም ልጠይቅሽ እስቲ። በምን እሳት ነው?" አላት።

"ባንተ እሳት" አለችው።

አባቴ ቆመ። በዚያ አገር ጭሱ ያልተከለከለ አንድ የእጅ ባለሙያ ቢኖር እሱ ነበር። ጣሊያኖቹ መንገድ ያሠሩ ስለነበር ከመንደሩ ባለ እጆች ለእሱ ብቻ ፈቅደው፣ የደነዘዘ ዶማ ሁሉ እኛ ደጅ ይመጣል፤ የአባቴ ከሰል ቀኑን ሙሉ ቢነድ ማንም ምን ትሠራለህ አይለውም። የብረት ምጣድ ልሥራልሽ ብሎ ነበር። ብረቱ ግን የጣሊያን ነው፣ እየተቆጠረ መጥቶ እየተቆጠረ ነው የሚመለሰው፣ እናቴም በተሰረቀ ብረት ላይ የፋሲካ ቂጣ አልጋግርም አለች። ቤት እንደገባን ጓዳ ውስጥ ጨርቅ ገለጠች። ሦስት የደረቁ ትናንሽ ምጣዶች ተቀምጠዋል፣ ስፋታቸው ከአባቴ የከሰል ጉድጓድ ጋር ልክ። ጉድጓዱን መጥታ በስንዝሯ የለካችው መቼ እንደሆነ አባቴ እስኪሞት አላወቀም።

በማግስቱ መንደሩ ሰበረ። እኔ የእናቴን ትልቁን ምጣድ ነበር የመታሁት፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ እሷ ራሷ አቀበለችኝ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም፤ ትልልቆቹ ግን ገሉን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ሲጨረስ በመንደሩ ውኃ የሚፈላበት ማሰሮ እንኳ አልቀረም። ቀደም ብሎ የተቆላውን ሽምብራ ከቅል በሚጠጣ ውኃ እያወራረድን ተቀመጥን።

የመጀመሪያዋን ምጣድ አባቴ ራሱ ወናፉን እየነፋ ነበር ሊተኩሳት የሞከረው። ጋለች፣ ቀላች፣ ደስ አለን፤ ከዚያ "ጧ!" አለችና ከሁለት ተከፈለች። ሁለተኛይቱን ቀስ ብዬ እነፋለሁ አለ። የሱ ቀስ ማለት ግን የሌላ ሰው ጉልበት ነው፤ እሷም ጠርዟ ላይ ተተረተረች። እናቴ ገሏን አንሥታ ተመለከተችና ወደ አባቴ ዞረች።

"ብረት እኮ አይደለችም የምትቀጠቅጣት!"

"ክንዴ የለመደው ነው፣ ምን ላድርግ?" አለ አባቴ፣ እንደ ተቆጣ ልጅ ፊቱን አዙሮ።

የቀረችው አንዲት ነበረች። እናቴ ያቺን ምጣድ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለጥቂት ጊዜ አሰበች። ፈርታ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ዙሪያዋን አየች፣ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። "ነይ አንቺ፣ ሰነፍ ክንድ!" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ውኃ ስቀዳ ግማሽ እንስራ የምሸከም፣ ስፈጭ ሁለቴ ገፍቼ የማርፍ፣ በመንደሩ በደካማነቴ የታወቅሁ ልጅ ነበርኩ። ወናፉ ፊት አስቀመጠችኝና ሁለቱን የፍየል ቆዳ ከረጢቶች አስያዘችኝ። "የተኛ ሕፃን እንደሚተነፍስ ንፊ። አታፍጥኚ፣ አታቋርጪ። ካቋረጥሽ ትበርዳለች፣ ከበረደች ትሰነጠቃለች።"

ነፋሁ። ከሰሉ ቀስ ብሎ ዓይኑን ገለጠ። ምጣዷ መጀመሪያ ጠቆረች፣ ቆይታም ከዳር ዳር መቅላት ጀመረች። አባቴ እንዳይረብሸን ወደ ዳር ተቀምጦ የተሳሉትን ዶማዎች ይደረድራል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ አልጠርገውም። ልክ በዚያ ሰዓት ነው ካፖው ብቅ ያለው።

ካፖው የመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ ነበር፤ የደብረ ታቦር ልጅ ሆኖ ለጣሊያን ያደረ፣ ጠመንጃ የሚያነግት፣ ዶማ ሊወስድ በየጊዜው የሚመጣ። የዚያን ቀን ዶማዎቹ ተደርድረው አለቁ፣ እሳቱ ግን ይነዳል። ተጠራጠረ።

"ዶማው አልቋል። ምን ልትቀጠቅጥ ነው ከሰሉ የሚነደው?" አለው አባቴን። በዚያ ጊዜ ለአርበኞች ጠመንጃ ይጠግናል ተብሎ የተያዘ ባለ እጅ መጨረሻው አይታወቅም ነበር። አባቴ አንድ ዶማ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። እኔም ክንዴ ቀጥ አለ።

"አንቺ ንፊ!" አለችኝ እናቴ ሳትዞር። ከዚያ ለካፖው፣ "ምጣድ ነው ጌታዬ" አለችው።

"ምጣድ? ጭስ መከልከሉን አልሰማሽም?"

"ሰምቼ እንጂ። ጭሱ የዶማው ነው፤ ምጣዷ ተጠግታ ነው የምትበስለው።"

ካፖው ጎንበስ ብሎ አየ፣ ከዚያም እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። የሌላ እምነት ሰው የነካው ዕቃ ለፋሲካ አይሆንም። እናቴ ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ፣ "አይንኩት!" ብላ ጮኸች።

"እናንተ እንደሆነ ሰው ከነካችሁ ወንዝ ነው የምትገቡት" አለ እየሳቀ።

"አይ፣ ለአንቱ ነው የፈራሁት። እሳት ላይ ያለ ዕቃ ሃይማኖት አይለይም።"

ሳቀ፣ እጁንም ሰበሰበ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ምጣዷን ያያት ጀመር። እኔ እነፋለሁ። በዚህ በኩል ክንዴ ሊወድቅ ነው፣ በዚያ በኩል የእናቴ ዓይን አለ።

"የእናቴ ምጣድ ከተሰነጠቀ ከረመ" አለ ካፖው በመጨረሻ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ። "ከጎረቤት እየተዋሰች ነው የምትጋግር። ሰፈሩን ሁሉ ብዞር ምጣድ የሚባል ጠፋ። ከዚህ የምትሰፋ አትወጣላችሁም?"

"ጉድጓዱ የሚችለው ይህንኑ ነው።"

"ትንሽም ብትሆን ትሁን።"

"በዓላችን ይለፍ" አለች እናቴ፣ "ከዚያ ለእናትዎ እሠራለሁ። አንኳኩቼ ነው የምሰጥዎት።"

ካፖው ተነሣ፣ ዶማዎቹን በአህያ አስጫነ። ሊሄድ ሲል ወደ እኔ ዞረና ለአባቴ፣ "ልጅህ ግን ወናፍ አታውቅም፤ እንዲህ ተነፍቶ ብረት አይግልም" አለው። አባቴ፣ ያ ቃል የማይበዛበት ሰው፣ "እውነትዎን ነው፣ ክንዷ ሰነፍ ነው" ሲለው ሳቅ እንዳያመልጠው ጢሙን ይዞ ነበር።

ምጣዷ ቀልታ ከቆየች በኋላ እናቴ እሳቱን በአመድ አዳፍና ቀስ ብላ እንድትበርድ ተወቻት። ቀኑ ሲያጋድል አወጣቻት፣ ጠርዟን በክንዷ ደግፋ በጣቷ አንኳኳቻት። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ፣ ስንጥቅ የሌለበት። እናቴ ምጣዷን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። እኔን ስባ ራሴን ደረቷ ላይ አጣበቀችው፤ ልቧ ሲመታ ጆሮዬ ውስጥ ነበር የሚሰማኝ። ደስታ ድምፅ እንዳለው ያን ቀን አወቅሁ።

በዋዜማው የመንደሩ ሴት ሁሉ ቤታችን ሆነች። ድሮ ቂጣ በየቤቱ ነበር የሚጋገር፣ ዘንድሮ ምጣዷ አንድ ናትና ሁሉም ዱቄቱን በአዲስ ሰፌድ ይዞ ተሰለፈ። እናቴ ምጣዷን በተወቀጠ ጎመን ዘር አሟሸቻት፣ እያሸች እያጋለች እስክትጠቁርና እስክታብለጨልጭ፤ ቤቱ በዚያ ሽታ ተሞላ። ሊጥ መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ የፊተኛዋ ቂጣዋን ስታወጣ ነው የኋለኛዋ ውኃ የምታፈስ። "ፍጠኚ፣ ፈርዖን ደረሰብሽ!" ይባባላሉ። ለኔ ፈርዖን ደብረ ታቦር ምሽግ ውስጥ ያለው የጣሊያን ሹም ነበርና፣ በሩን ደጋግሜ አይ ነበር። አንዷ ትለውሳለች፣ አንዷ ታገላብጣለች፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሳቁና እልልታው ከምድጃው ሙቀት ጋር ተደባልቆ ቤቱ ሊፈነዳ ነበር። በዓሉን ብዙ ዓመት አክብሬዋለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልመጣም።

እማማ ጥሩዬ መጨረሻ ላይ መጡ። አስቀምጠንላቸው የነበረችውን የመጀመሪያዋን ቂጣ አንሥተው ገለበጧት፣ አገላበጧት። "አነሰች" አሉ።

"ለጥርስዎ ልክ ናት፣ እማማ" አለቻቸው እናቴ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፣ እማማ ጥሩዬ ሦስት ጥርስ ነበር የቀራቸው። እሳቸውም ስቀው ከቂጣዋ ቆረሱና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእናቴ አጎረሷት። ማታ በጉ ታርዶ፣ ቄስ አየነው የመውጣቱን ታሪክ ሲያነቡልን፣ በየሰው እጅ መዳፍ የምታክል ቂጣ ነበረች። ከማንም ቤት አልቀረችም።

የካፖው እናትም ከበዓሉ በኋላ የራሷን ምጣድ አገኘች፣ እኔው ነኝ የነፋሁላት።

የፋሲካዋ ምጣድ ዓመቱን ሙሉ አገለገለችን። በሚቀጥለው ፋሲካ ክልከላው ላልቶ እናቴ ሜዳ ላይ ትልልቅ ምጣድ ተኩሳ ነበር። አሮጌው ወጥቶ ደጅ ላይ ሲደረደር ሴቶቹ ሁሉ፣ እማማ ጥሩዬ ሳይቀሩ፣ ይህቺስ ትቆይ፣ ለመታሰቢያ ትሰቀል ብለው ለመኗት። እኔም አለቀስኩ። እናቴ ምጣዷን አንሥታ ለመጨረሻ ጊዜ በጣቷ አንኳኳቻት፣ ድምፁን ሰማች። ከዚያ መሬት አስቀምጣ ድንጋዩን ሰጠችኝ።

"እርሾ ጠጥታለች። ፋሲካ አድርሳናለች፣ ሥራዋን ጨርሳለች" አለችኝ። "አንቺ ነሽ ያወጣሻት፣ አንቺው ሸኛት። ወይስ ክንድሽ ሰነፈ?"

መታኋት። ከጋኖቹ ሁሉ የሷ ድምፅ ጥርት ያለ ነበር።

አሁን የምኖረው እስራኤል አገር ነው። ቂጣው በካርቶን ታሽጎ ከሱቅ ይመጣል፤ ሁሉም አራት ማዕዘን፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ተበሳስቶ። ደግ ነው፣ የሚያጨስ የለም፣ የሚከለክል የለም። የፋሲካው ሳህን ለብቻው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ዓመት ይጠብቃል፤ ምንም አይሰበርም። ልጆቼ ንጹሕ ናቸው፣ ሥርዓቱን ከኔ ይልቅ ያውቁታል፣ በነሱ እኮራለሁ። ያችን ሽታ ግን ከየት አመጣላቸዋለሁ? እጄስ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃትን ያችን ቀን ማን ይሰጠዋል?

ስለዚህ በየዓመቱ ዋዜማው ላይ፣ ሰዉ በሥራ ሲዋከብ፣ አንዲት አሮጌ ሲኒ ከመደርደሪያው አወርድና በረንዳው ላይ እለቃታለሁ። ልጆቼ ድምፁን ሰምተው እየሮጡ ይመጣሉ፣ ገሉን ይለቅማሉ፣ "እማዬ ክንዷ ደክሟል" ይባባላሉ በሹክሹክታ። እኔም አላርማቸውም። ክንዴማ ዱሮም ደካማ ነበር፤ ለምን እንደሚበጅ የምታውቀው እናቴ ነበረች።